ከመኪና ሥር የሚንጠባጠብ ፈሳሽ ከየት ይመጣል? በአዲስ አበባ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ የሚገኝ የአንድ ጋራዥ የምርመራ አገልግሎት ግምገማ

ከተክለ ሃይማኖት አደባባይ ወደ ሱማሌ ተራ ከሚያወጡት የውስጥ መንገዶች በአንዱ ላይ፣ በሩ ላይ ማስታወቂያ ያልተሰቀለበት ጠባብ ጋራዥ አለ። ግቢው ቢበዛ አራት መኪና ያስገባል፤ በአንድ ጥግ መካኒኩ ወርዶ ቆሞ የሚሠራበት ጉድጓድ፣ በሌላው ጥግ ደግሞ በወፍራም ሸራ የተጋረደ ጨለማ መሥሪያ አለው። የአካባቢው የመለዋወጫ ዕቃ ሻጮች መኪናው ዘይት የሚጥልበትን ሰው ወደዚህ ግቢ ይልካሉ፤ እኔም የሄድሁት በእነሱ ጥቆማ ነው። ጋራዡን ከሌሎቹ የሚለየውና ይህን ግምገማ ለመጻፍ ያነሣሣኝ፣ ከመኪና ሥር የሚታይ ፈሳሽ ከየት እንደሚመጣ መፈለግን ራሱን የቻለ ሥራ አድርጎ መያዙ ነው። ፍለጋው የራሱ ዋጋ፣ የራሱ ጊዜና የራሱ የጽሑፍ ውጤት አለው፤ ጥገናው ከዚያ በኋላ የሚመጣ፣ ባለመኪናው ከፈለገም ሌላ ቦታ ሊያሠራው የሚችል የተለየ ጉዳይ ነው።

ይህ አሠራር ቀላል ቢመስልም በከተማችን ብዙ አይገኝም። በአብዛኛው ጋራዥ የፍሳሽ ፍለጋ በነጻ የሚሰጥ ነገር ተደርጎ ይታያል፤ በነጻ ስለሆነም በቅጡ አይሠራም። መካኒኩ በክሪክ ከፍ የተደረገውን መኪና ጎንበስ ብሎ ያያል፣ በጣም የረጠበውን ቦታ በጣቱ ይነካል፣ የጠረጠረውንም ክፍል ስም ይጠራል፤ ባለመኪናው ደግሞ የተጠራለትን ዕቃ ገዝቶ ይመጣል። ግምቱ ልክ ከሆነ ሁሉም ደስ ይለዋል። ልክ ካልሆነ ግን የዕቃውም የእጅ ዋጋውም ተከፍሎ ዘይቱ መንጠባጠቡን ይቀጥላል፣ ቀጥሎ የሚጠራው ክፍልም አብዛኛውን ጊዜ ከመጀመሪያው የሚከብድ ሥራ ይሆናል። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ፣ በእጃችን ያሉትን አሮጌ መኪኖች ለብዙ ዓመት ማቆየት ግዴታ ሆኖብናል፤ ስለዚህ እንዲህ ያለው ብክነት ከቀድሞው ይልቅ አሁን ይጎዳል።

የእኔ መኪና የ2004 ሞዴል ቶዮታ ኮሮላ ነው፤ ሞተሩ 1.6 ሊትር፣ ማርሹም ማንዋል ነው። ሞተሩና ካምቢዮው (የማርሹ ሳጥን) ከሚጋጠሙበት ቦታ ሥር ዘይት ይጥል ነበር፤ ከሌላው ጎንም አልፎ አልፎ ቀላ ያለ የውሃ ጠብታ ይታይ ነበር። አንድ ጋራዥ የክራንክ ሻፍቱ የኋላ ኦይል ሲል፣ ማለትም በሞተሩ ዋና ዘንግ ጫፍ ዘይት እንዳይወጣ የሚያግደው ቀለበት፣ ስላለቀ ካምቢዮው መውረድ አለበት ብሎ ወሰነ፤ ሌላው ደግሞ ኮፓው (ከሞተሩ ሥር ያለው የዘይት መያዣ) ወርዶ፣ ሲሊኮን ተቀብቶ እንደገና መታሰር አለበት አለ። ካምቢዮ ማውረድ ከባድ ሥራ ነው፤ ከወረደ አይቀር ፍሪሲዮኑም አብሮ ይቀየር የሚል ምክርም ይከተለዋል። እንዲህ ሁለት የተለያየ መልስ ያገኘ ባለመኪና ከሁለቱ አንዱን በዕድል ከመምረጥ ይልቅ ማስረጃ መጠየቅ ይኖርበታል፤ እዚህ የተገመገመው ጋራዥ የሚሸጠው ይህንኑ ማስረጃ ነው።

ሥራው የሚጀምረው መኪናው ግቢው ከመድረሱ በፊት ነው። ቀጠሮ ለመያዝ ስደውል፣ ሠራተኞቹ «ጋሼ» እያሉ የሚጠሯቸው ዋናው መካኒክ የመኪናውን ዓይነት ከጠየቁኝ በኋላ፣ «ማታ ከሥሩ ካርቶን ያንጥፉለት፤ ጠዋት ካርቶኑንም ይዘው ይምጡ» አሉኝ። ትእዛዙ ዝርዝር ነበረው። ካርቶኑ የፍሪጅ ማሸጊያን ያህል ሰፊ መሆን አለበት፤ የፊት ጎማዎቹ ያረፉበት ቦታ በእስክሪብቶ ይሠመርበታል፤ መኪናው ፊቱን ያዞረበት አቅጣጫም በቀስት ይመለከታል። መኪናው የሚያድርበት ቦታ ለጥ ያለ እንዲሆን አጥብቀው ነገሩኝ፤ ተዳፋት ላይ ያደረ መኪና ጠብታውን ወደ ዝቅተኛው ጎን ስለሚያሳልፈው ካርቶኑ ላይ የሚገኘው ምልክት አሳሳች ይሆናል። በክረምት ደግሞ፣ እርጥብ መሬት ላይ የወደቀ ዘይት ቀስተ ደመና የመሰለ ስስ ሽፋን ሆኖ ስለሚበተን፣ ካርቶኑ ከጣሪያ ሥር ካልተነጠፈ ጥቅም የለውም።

በማግሥቱ ኮፈኑ ከመከፈቱ በፊት ጥያቄዎች ቀረቡልኝ። ዘይቱ በቅርቡ ተቀይሮ እንደሆነ፣ በሁለት ሰርቪሶች መካከል ምን ያህል ዘይት እንደምጨምር፣ ጠዋት ሲነሣ ወይም ቁልቁለት ወርዶ ነዳጅ ሲሰጠው ከጭስ ማውጫው ሰማያዊ ጭስ እንደሚወጣ፣ ጠብታው የሚታየው ሞተሩ እየሠራ ሳለ ይሁን ከቆመ በኋላ ተጠየቅሁ። እነዚህ ጥያቄዎች ለወግ የሚጠየቁ አይደሉም። ዘይት በተቀየረ ማግሥት የጀመረ ፍሳሽ አብዛኛውን ጊዜ በደንብ ካልጠበቀ ታፖ (አሮጌው ዘይት የሚወጣበት ቀዳዳ መዝጊያ ብሎን)፣ ካልተቀየረ የታፖ ሮንዴላ፣ ወይም የአሮጌው ፊልትሮ ላስቲክ ሳይነሣ አዲሱ ፊልትሮ በላዩ ከመታሰሩ የሚመጣ ነው። ሰማያዊ ጭስ ካለ ደግሞ ዘይቱ የሚጎድለው መሬት ላይ በመውደቁ ብቻ ሳይሆን ሞተሩ ውስጥ በመቃጠሉም ነው፤ የእኔ መኪና ሞተር የተገኘበት ቤተሰብ፣ በተለይ ቀደም ባሉት ዓመታት የተሠሩት፣ በዘይት መብላት ይታወቃል። ይህ ካልተለየ ፍሳሹ ከተደፈነ በኋላም ዘይቱ መጉደሉን ሲቀጥል ባለመኪናው ጥገናው እንደከሸፈ ሊቆጥረው ይችላል።

ከዚያ በኋላ ካርቶኑ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ ተነበበ፤ ከአገልግሎቱ ሁሉ በጣም የወደድሁትም ይህን ክፍል ነው። ዋናው መካኒክ እያንዳንዱን ጠብታ በነጭ ሶፍት እየነኩ ቀለሙን፣ ሽታውንና ልስላሴውን አሳዩኝ። የሞተር ዘይት አዲስ ሲሆን የማር ቀለም አለው፣ ሲያገለግል ይጠቁራል፤ በጣት መካከል ሲታሽ ወፍራምና አንሸራታች ነው። የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት፣ እንዲሁም መሪያቸው በዘይት በሚሠራ ብዙ መኪኖች ላይ የመሪው ዘይት፣ ቀይ ሆኖ ይጀምርና ሲያረጅ ወደ ቡናማ ይሄዳል። የማንዋል ካምቢዮ ዘይት ጠንከር ያለ የድኝ ሽታ ስላለው በአፍንጫ ከሞተር ዘይት ይለያል፤ ሞተሩና ካምቢዮው ከሚጋጠሙበት ቦታ ለሚወርድ ጠብታ ይህ ልዩነት ወሳኝ ነው። የፍሬን ዘይት ቀጭን፣ ቢጫነት ያለው፣ ቀለም የተቀባ ብረት ላይ ሲያርፍ ቀለሙን የሚያነሣ ነው፤ በጎማዎቹ የውስጥ ጎን ወይም በፍሬን ፔዳሉ አካባቢ ከታየ መኪናው በራሱ ጉልበት ወደ ጋራዥ መምጣት የለበትም። ቤንዚን ካርቶኑ ላይ ብዙም አይቆይም፣ ይተንና ሽታው ብቻ ይቀራል፤ እሱም ቢሆን መኪናው ባለበት ቆሞ መካኒኩ የሚጠራበት ጉዳይ ነው።

የራዲያተር ውሃን መለየት ግን በአዲስ አበባ ከሌላው ቦታ ይልቅ ይከብዳል። ቶዮታ ከፋብሪካ የሚሞላው ማቀዝቀዣ ፈሳሽ ቀይ ወይም ሮዝ ነው፤ ሌሎች አምራቾች አረንጓዴ፣ ሰማያዊ ወይም ብርቱካንማ ይጠቀማሉ። ይሁን እንጂ ብዙዎቻችን ሲጎድል የቧንቧ ውሃ ስለምንጨምርበት ቀለሙ ይሳሳል፣ በመጨረሻም ንጹሕ ውሃ ወይም የዝገት ውሃ ይመስላል። ይህን ጊዜ ከአየር ማቀዝቀዣው ከሚወርደውና ምንም ጉዳት ከሌለው ውሃ ጋር ይምታታል። ልዩነቱን በጣት ማወቅ ይቻላል፦ የአየር ማቀዝቀዣ ውሃ እንደማንኛውም ውሃ ሲሆን፣ የራዲያተሩ ውሃ ጥቂት እንኳ ማቀዝቀዣ ፈሳሽ ከቀረበት ይሙለጨለጫል፣ ጣፋጭ ሽታም አለው። በውስጡ ያለው ኤትሊን ግላይኮል መርዛም ስለሆነ መቅመስ በፍጹም አይገባም፤ ሕፃናት ወይም ውሻ ባሉበት ግቢ ያደረ መኪና ይህን ፈሳሽ የሚጥል ከሆነ መሬቱን በብዙ ውሃ ማጠብ ያስፈልጋል።

በእኔ ካርቶን ላይ የተገኘው ሁለት ዓይነት ምልክት ነበር፤ በካምቢዮው በኩል የጠቆረ የሞተር ዘይት፣ በቺንጊያው (በሞተሩ ቀበቶ) በኩል ደግሞ ጠርዙ ሮዝ ሆኖ የደረቀ የውሃ ነጥብ። ካርቶኑ የነገረን ፈሳሾቹ ምን ምን እንደሆኑና መሬት ላይ የት እንደሚያርፉ ብቻ ነው። ፈሳሽ በሞተሩ ገላ ላይ ወደ ታች ይወርዳል፣ መኪናው ሲሄድ የሚመጣው ነፋስ ደግሞ ወደ ኋላ ይገፋዋል፤ በክረምት የቤት ጣሪያ በአንድ ጥግ ቀዶ የገባ ዝናብ በሌላ ጥግ ኮርኒሱን እንደሚያረጥበው ሁሉ፣ ጠብታው የሚወድቅበት ቦታ ከተነሣበት ቦታ በጣም ሊርቅ ይችላል። ለዚህ ነው ጋራዡ የረጠበውን ሁሉ ትቶ ከሁሉም ከፍ ያለውንና ከሁሉም ወደ ፊት የሚገኘውን እርጥበት የሚፈልገው።

ቀጥሎ ሞተሩ ታጠበ። ከመታጠቡ በፊት ግን ዋናው መካኒክ ቆሻሻው የተጋገረባቸውን መስመሮች በእጅ ባትሪ እያበሩ ለረጅም ጊዜ ተመለከቱ፣ በስልካቸውም ፎቶ አነሡ፤ አቧራ የያዘ አሮጌ ዘይት የት የት እንዳለፈ ያሳያልና። ኤሌክትሪክ ያለባቸው ክፍሎች በፕላስቲክ ተሸፍነው፣ ቅባት አሟሚ ተነፍቶና ተቦርሾ፣ በዝቅተኛ ግፊት ውሃ ታጥቦ በኮምፕረሰር አየር ደረቀ። ከዚህ በኋላ በሞተር ዘይቱ ውስጥ አነስተኛ መጠን ያለው የሚያበራ ቀለም ተጨመረና አንድ ሠራተኛ አብሮኝ ገብቶ መኪናውን እንድነዳ ተደረገ። የመረጡት መንገድ ከተክለ ሃይማኖት ወደ ለገሃር ወርዶ በቸርችል ጎዳና ወደ ፒያሳ የሚያወጣውን ዳገት ነበር፤ ዳገቱ ሞተሩን ስለሚያስጨንቀው የውስጥ ግፊቱና ሙቀቱ ከፍ ይላሉ፣ ሜዳ ላይ የማይታይ ፍሳሽም ይወጣል። ይህ ዝርዝር ትንሽ ሊመስል ይችላል፤ ለእኔ ግን ሥራውን የሚያውቅ ሰው ያለበት ጋራዥ መሆኑን የነገረኝ እርሱ ነው።

ስንመለስ መኪናው ከሸራው ውስጥ ገባ። በአልትራቫዮሌት መብራትና በቢጫ መነጽር ሲታይ፣ ከዘይቱ ጋር የተቀላቀለው ቀለም ደማቅ አረንጓዴ ቢጫ ሆኖ ያበራል፤ ዓይን በተራ ብርሃን የማያየው የፀጉር ያህል መስመር እንኳ ቁልጭ ብሎ ይወጣል። መብራቱ መጀመሪያ ከሥር፣ ከጉድጓዱ ውስጥ በራ፤ በሞተሩና በካምቢዮው መጋጠሚያ ላይ በእርግጥም ቀለም ነበር። ሥራው እዚያ ቢቆም ኖሮ የኋላ ኦይል ሲል ነው ያለው ጋራዥ ትክክል በመሰለ ነበር። መብራቱ ግን መስመሩን ተከትሎ በሞተሩ ጀርባ ወደ ላይ ወጣ፣ የሞተሩ የላይኛው ክፍል በሆነው በቴስታታው ጎን አለፈ፣ በመጨረሻም በሞተሩ አናት ካለው የቫልቭ ክዳን በካምቢዮው በኩል ካለው ጥግ ደረሰ። ከዚያ በላይ ምንም አልነበረም። የክዳኑ ጋርኒሲዮን፣ ማለትም በመጋጠሚያው ዘይት እንዳይወጣ የሚያሽገው ላስቲክ፣ ደርቆ እንደ ፕላስቲክ ጠንክሮ ነበር፤ ዘይቱ ከዚያ እየሾለከ ሙሉውን ጀርባ ወርዶ ልክ የኋላ ኦይል ሲል የሚያፈስስ በሚመስልበት ቦታ ይንጠባጠብ ነበር። ኮፓው በዙሪያው ደረቅ ነበር።

ዋናው መካኒክ በዚህም አልረኩም። የቫልቭ ክዳን ጋርኒሲዮን ከዕድሜ ብዛት ይደርቃል፤ ነገር ግን በሞተሩ ውስጥ የሚጠራቀመውን ጋዝ ወደ አየር ማስገቢያው የሚመልሰው ፒሲቪ የተባለው ቫልቭ በጥላሸት ከተዘጋ፣ ግፊቱ መውጫ አጥቶ ዘይቱን በደከሙት ጋርኒሲዮኖችና ኦይል ሲሎች በኩል ይገፋዋል። የእኔ መኪና ቫልቭ ሲፈታ ሲወዘወዝ ድምፅ አልሰጠም፤ ደህና ቢሆን ውስጡ ያለው ክፍል ሲንቀሳቀስ ይሰማ ነበር። «ይህ ሳይቀየር ጋርኒሲዮኑ ብቻ ቢቀየር በሌላ በኩል ይወጣል» አሉ። በብዙ ጋራዦች ጋርኒሲዮን ተቀይሮ ብዙ ሳይቆይ ሌላ ቦታ ማላብ የሚጀምረው ስለዚህ ነው፤ ዋጋው ትንሽ የሆነ ዕቃ ሳይታይ በመቅረቱ ትልልቆቹ ዕቃዎች በየተራ ይቀየራሉ።

የውሃው ፍለጋ በሌላ መሣሪያ ተካሄደ። ሞተሩ ሙሉ በሙሉ እስኪበርድ ተጠብቆ የራዲያተሩ ክዳን ተከፈተ፤ በቦታው በእጅ የሚነፋ ፓምፕና የግፊት መለኪያ ያለው መፈተሻ ታሰረ። ግፊቱ ክዳኑ ላይ በተጻፈው መጠን፣ ማለትም 1.1 ባር አካባቢ፣ ከተነፋ በኋላ የመለኪያው ቀስት ይጠበቃል፤ ቀስቱ ሳይነቃነቅ ከቆመ ቀዳዳ የለም፣ ቀስ እያለ ከወረደ ግን ግፊቱ በሆነ ቦታ እየወጣ ነው። የእኛ ቀስት ቀስ እያለ ወረደ። ማኒኮቶዎቹ (የውሃ ጎማዎቹ) እና የማጥበቂያ ቀለበቶቻቸው ተፈተሹ፣ ደረቅ ነበሩ። በመጨረሻ በመስተዋት ሲታይ፣ የውሃ ፓምፑ የውስጥ ሲል ሲደክም ውሃው ወደ ውጭ ወጥቶ እንዲታይ ተብሎ ከተበጀችው ትንሽ ቀዳዳ ሥር ሮዝ ቀለም ያለው ደረቅ ቅርፊት ተገኘ፤ ግፊቱ ሲጨመር ከእሷ ላይ እርጥበት ብቅ አለ። ሞተሩ ሲሞቅ ጠብታው መሬት ሳይደርስ ስለሚተን ነበር አልፎ አልፎ ብቻ ይታይ የነበረው።

ይህን ያህል ትንሽ የውሃ ፍሳሽ ለምን ያሳስባል ለሚል ሰው፣ የከተማችንን ከፍታ ማስታወስ ይጠቅማል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ ውሃ እዚህ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው። የዚህ ዓይነት ሞተር ቴርሞስታት (ሞተሩ ሲሞቅ ውሃውን ወደ ራዲያተር የሚለቀው ክፍል) ደግሞ መከፈት የሚጀምረው ከ80 እስከ 84 ዲግሪ ባለው ውስጥ ነው፤ በዳገትና በመንገድ መጨናነቅ ጊዜ ሙቀቱ በቀላሉ ከ90 በላይ ይወጣል። ውሃው እንዳይፈላ የሚጠብቀው ሥርዓቱ የሚይዘው ግፊት ነው፤ ግፊቱ በአንዲት ትንሽ ቀዳዳ ከወጣ፣ በባሕር ዳርቻ ከተማ ለጊዜው የማያስቸግር ጉድለት እዚህ ሞተር ሊያፈላና የቴስታታ ጋርኒሲዮን ሊያቃጥል ይችላል። ዋናው መካኒክ የውሃ ፓምፑን ከዘይቱ አስቀድመው በዝርዝሩ አናት ላይ የጻፉት ስለዚህ ነው፤ ወደ ጋራዡ ያመጣኝ ዘይቱ ሆኖ ሳለ ይበልጥ የሚያጣድፈው ውሃው መሆኑን ማመልከታቸውን እንደ ትልቅ ቅንነት እቆጥረዋለሁ።

የምርመራው ዋጋ 1,500 ብር ነው፤ ጥገናው እዚያው ከተሠራ ግማሹ ከእጅ ዋጋው ላይ ይቀነሳል። በምትኩ የሚሰጠው ወረቀት በእጅ የተጻፈ ቢሆንም ግልጽ ነው፦ የተገኘው ፈሳሽ፣ የተነሣበት ቦታ፣ የተረጋገጠበት መንገድ፣ የሚቀየሩት ዕቃዎችና የትኛው ምን ያህል ጊዜ ሊጠብቅ እንደሚችል። የታጠበው፣ የበራውና ቅርፊቱ ያለበት ክፍል ፎቶም በቴሌግራም ይላካል። ይህን ወረቀት ይዞ ወደ ሌላ ጋራዥ መሄድ ይቻላል፤ ማንም አይቆጣም። ለካምቢዮ ማውረጃና ለፍሪሲዮን ተጠይቄ የነበረው ሒሳብ ከዚህ የምርመራ ዋጋ ብዙ እጥፍ ስለሚበልጥ፣ 1,500 ብሩ ውድ ነው ብዬ አላስብም።

ጥገናውን እዚያው ሳሠራ ዕቃዎቹን ከሱማሌ ተራ ራሴ እንድገዛ ነጻነት ተሰጠኝ፤ ይህም ለዕቃ ኮሚሽን የሚከፈልበት ገበያ ላይ የሚመሰገን ነው። ኦርጂናል ጋርኒሲዮንና አስመሳዩ በዓይን ሲታዩ ተመሳሳይ ናቸው፤ ልዩነቱ ሙቀት ሲነካቸው ይወጣል፤ ስለዚህ ከመታሰሩ በፊት ዕቃው ይፈተሻል፣ አጠራጣሪ ከሆነም ይመለሳል። ክዳኑ ሲታሰር የተደረገውን ጥንቃቄም ማንሣት አለብኝ። በብዙ ቦታ ለአዲሱ ጋርኒሲዮን ዙሪያውን ሲሊኮን መቀባት የተለመደ ነው፤ ትርፉ ወደ ውስጥ ይገባና የዘይት መሳቢያውን ወንፊት ይዘጋል። እዚህ ሲሊኮን የተቀባው የሰንሰለቱ ክዳን ከቴስታታው ጋር በሚጋጠምባቸው ሁለት ነጥቦች ላይ ብቻ፣ ያውም በጥቂቱ ነው፤ ብሎኖቹም 10 ኒውተን ሜትር ገደማ በምትሆን ዝቅተኛ ኃይል፣ በመለኪያ ቁልፍ ጠበቁ። አጥብቆ ማሰር ክዳኑን ያጣምመዋል፣ ፍሳሹንም ይመልሰዋል።

ጉድለቶቹም ቀላል አይደሉም። ጋራዡ ማንሻ ስለሌለው የኋላው ክፍል ከጉድጓዱ በደንብ አይታይም። የሚያበራው መብራት አንድ ብቻ ነው፤ አንድ መኪና ሸራው ውስጥ ካለ ሌላው ይጠብቃል፤ ዋናው መካኒክ ከሌሉ ደግሞ ምርመራው አይጀመርም፤ ልጆቹ የመታጠቡንና የማሰሩን ሥራ ጥሩ አድርገው ቢይዙትም መብራቱን የማንበብ ኃላፊነት ገና አልተሰጣቸውም። ለማቀዝቀዣ ውሃ የሚሆነው ቀለም በግቢው የለም፤ ውሃው የሚፈለገው በግፊት መፈተሻው ብቻ ስለሆነ ሞተሩ ሲሞቅ ብቻ የሚከፈት ስንጥቅ ሊያመልጥ ይችላል። አውቶማቲክ ካምቢዮ ከውጭ ያለውን ፍሳሽ ይለያሉ እንጂ ከፍተው አይሠሩም፤ ይህን ግን በግልጽ ይናገራሉ። ከሁሉም በላይ ቅር ያሰኘኝ የማጠቢያው ውሃ ጉዳይ ነው። የተቀየረ ዘይት በበርሜል ይጠራቀማል፤ ከሞተሩ ገላ ታጥቦ የሚወርደው ቅባት ያለበት ውሃ ግን በቀጥታ ወደ ጎዳናው ቦይ ይፈስሳል። ማጥለያ ጉድጓድ መቆፈር ይህን ያህል ጥንቃቄ ለሚያደርግ ጋራዥ የሚከብድ አይሆንም፤ ይህንኑም ነግሬያቸዋለሁ፣ ቅሬታዬንም በትሕትና ተቀብለዋል።

አገልግሎቱ ለሁሉም ያስፈልጋል ማለት አይደለም። በመጋጠሚያዎች ላይ እርጥበት ብቻ ያለበት፣ መሬት ላይ ግን ምንም የማይጥል፣ የዘይቱም መጠን በመለኪያው ዘንግ ላይ ከሰርቪስ እስከ ሰርቪስ የማይወርድ አሮጌ መኪና ምርመራ ሳይሆን ክትትል ይበቃዋል። ዋናው መካኒክም እንዲህ ያለውን መኪና ገንዘብ ሳይቀበሉ ሲመልሱ አይቻለሁ። ጠብታው በየቀኑ ካርቶን የሚያረጥብ ከሆነ፣ ዘይት ወይም ውሃ በየጊዜው የሚጨመር ከሆነ፣ ወይም ካምቢዮ፣ ቴስታታ ወይም ኮፓ ይውረድ የሚል ውሳኔ ከአንድ ጋራዥ ከተሰጠ ግን፣ ከመስማማት በፊት እዚህ መታየት ተገቢ ነው። በኤሌክትሪክ የሚሠሩ መኪኖችም ባትሪያቸውን የሚያቀዘቅዝ ፈሳሽ ስላላቸው አንዳንዶቹ ወደዚሁ ግቢ መምጣት ጀምረዋል፤ ጋራዡ ግን እስካሁን የሚቀበለው ከሥራቸው የሚወርደው ምን ዓይነት ፈሳሽ እንደሆነ ለመለየት ብቻ ነው።

ግቢው ከሰኞ እስከ ዓርብ ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ ምሽቱ 11 ሰዓት ተኩል፣ ቅዳሜ እስከ ቀኑ 7 ሰዓት ይሠራል። መንገዱ ጠባብ ስለሆነ ዳር ማቆም አይቻልም፤ ደውሎ ቦታ መኖሩን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ሞተሩ በርዶ መታየት ስላለበት ለምርመራው ከግማሽ ቀን ያላነሰ ጊዜ መመደብ ይገባል። ለመሄድ የሚያስብ ሰው ሞተሩን አስቀድሞ ማሳጠብ የለበትም፤ የተጋገረው ቆሻሻ የሚናገረው ነገር ስላለ መኪናው እንዳለ፣ ካደረበት ካርቶን ጋር ይቅረብ።